ስለ ኅዳር በሽታና ስለ ሳምባ ነቀርሳ

በየትምህርት ቤቱ የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ለክፍላችን የተሰጠውን ገጽ ለሌላ ዓይነት ታሪክ ልናውለው ወደድን። ይኸውም ዘውድ ሳይጭኑ፥ ነጋሪት ሳያስጎስሙ ከብዙ ንጉሥ የበለጠ ሰው ስለ ገዙና ስለ ገደሉ ስለ ሁለት በሽታዎች ነው። አንደኛው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. በደረሰባቸው ጊዜ የኅዳር በሽታ ብለው ስም አወጡለት። ሁለተኛው የሳምባ ነቀርሳ ወይም ዛሬ ሁሉም እንደሚጠራው ቲቢ ነው። ታሪክ ማለት የሰው ሥራ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግንበት ምክንያት አለን። ሁለቱም የሚመጡት በትንፋሽ ነው። ነገር ግን አንደኛው እንደ ደራሽ ጎርፍ በሁለትና በሦስት ሳምንት አገር ጠርጎ ሲያልፍ፥ ሁለተኛው እንደ ምስጥ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ በአንድ ቤት ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። እኛም የምንኖርበት አገር ደጋ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ስሜን ተራራዎች የሚሄድ መንገደኛ ቡይት ራስ ሲደርስ 3,200 ሜትር ያልፋል። ብርድ ያለበት አገር ሰው በሩን ይዘጋል፥ እሳት ያነዳል፥ ተጠጋግቶ ይተኛል። በትንፋሽ ለሚመጣ በሽታ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም።

መጀመሪያ የፈጣኑን ታሪክ እንጻፍ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በገባ በ2ኛው ቀን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1918 ዓ.ም.፥ አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ። በአውሮፓ ከተሞች ደወል ሲደወልና ሕዝቡ በየአደባባዩ ሲተቃቀፍ፥ በእነዚያው አደባባዮች ላይ ከጦርነቱ የበለጠ የሚገድል በሽታ ይዘዋወር ነበር። የእስፓኝ በሽታ አሉት። ይህም ስም በእስፓኝ ላይ በደል ነው። በሽታው ከእስፓኝ አልተነሣም፤ ነገር ግን የሚዋጉት መንግሥታት ወታደርና ሕዝብ እንዳይደነግጥ ጋዜጦቻቸውን አፍነው ስለ ነበር፥ ገለልተኛ የነበረችው የእስፓኝ ጋዜጦች ብቻ የሆነውን በግልጥ ጻፉ፤ እውነት የተናገረው አገር በሽታው በስሙ ተጠራበት። የሊቃውንት ግምት እንደሚለው በዚያ ወረርሽኝ ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው፥ ይኸውም 500 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ የሞተውም 50 ሚሊዮን ያህል ይሆናል።

ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ገባ ለማሰብ የምድር ባቡሩን ማስታወስ ይበቃል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917፥ ማለት ወረርሽኙ ከመድረሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነበር። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ አዲስ አበባ ለመድረስ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በባቡር ጥቂት ቀናት ብቻ ሆነ። ባቡሩ ጨርቅና ብረት ብቻ አላመጣም። በመርከብ ወደብ የደረሰ በሽተኛ ሳል ሳይጀምረው ባቡር ተሳፍሮ በከተማው መካከል ሊወርድ የሚችልበት ዘመን ደረሰ።

በአዲስ አበባ በኅዳር ወር በሽታው ሲበረታ ያላንኳኳበት ቤት አልነበረም ለማለት ይቻላል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጠና ታመው ነበር፤ በከተማይቱም ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አስፍረዋል። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሚያስታምም ጠፋ፤ አንዱ ለሌላው ውኃ የሚያቀብልበት አቅም እስኪያጣ ድረስ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይተኛ ነበር። መቃብር ቆፋሪ ስለ ጠፋ ሬሳ በወጉ መቅበር ችግር ሆነ። ለቅሶ፥ ተዝካርና ዕድር ትልቅ ነገር በሆነበት አገር ሰው ሳይለቀስለት መቀበሩ ከሞቱ ይልቅ የከበደ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ምን አደረገ? የሚያውቀውን አደረገ። አባቶቻችን ብርድ መታኝ፥ ምች መታኝ ሲሉ ዳማከሴ ጨምቀው ይጠጡ፥ ጤና አዳም ያሸቱ፥ ነጭ ሽንኩርት ይበሉ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው በጋቢ ተሸፍነው ይታጠኑ ነበር፤ ዛሬም ይህንኑ እናደርጋለን። እነዚህ ነገሮች አፍንጫ ይከፍታሉ፥ ለታመመው ሰው ጥቂት ዕረፍት ይሰጣሉ፤ በሽታውን ግን አይገድሉትም። ከመንግሥት ወገን ደግሞ የየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ እንዲቃጠል ትእዛዝ ወጣ ይባላል። ስለዚህም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፥ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህ ነው።

ስለዚህ ልማድ ሳንሸፋፍን እንናገር። ጢሱ ኢንፍሉዌንዛን አያጠፋም፤ ሳምባው ለደከመ ሰውም ጎጂ ነው፤ ዛሬ ከጥራጊው ጋር ፕላስቲክ ስለሚቃጠል ደግሞ ከቀድሞው የከፋ ሆኗል። ሆኖም ልማዱን እንደ ሞኝነት የሚቆጥሩትን አንደግፍም። አንድ ሕዝብ ከ100 ዓመት በላይ አንድን ወረርሽኝ ከነወሩ ሳይረሳ የሚያስታውስበት ቀን ያለው አገር ብዙ አይገኝም። በአውሮፓ 50 ሚሊዮኑ ሙታን በጦርነቱ ሙታን ተሸፍነው ለረጅም ጊዜ ተረስተው ነበር። ጥራጊውን መጥረጉ ይቅር የሚል የለም፤ ማቃጠሉ ቢቀር ግን መልካም ነው።

የዓለም ሐኪሞችም በዚያን ጊዜ ከእኛ ብዙ የተሻለ አያውቁም ነበር። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 በበሽተኞች አክታ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ የኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ይህ ነው ብሎ ነበርና፥ በ1918 ብዙ ሊቃውንት ያንኑ ባክቴሪያ ሲያሳድዱ ጊዜያቸውን ጨረሱ። እውነተኛው ምክንያት በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ፥ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ቫይረስ ነበር። ከሰው የተወሰደውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስሚዝ፥ አንድሩስና ሌይድሎ የተባሉ ሦስት እንግሊዛውያን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1933፥ ሙታኑ ከተቀበሩ ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚጥም አንድ ታሪክ እንጨምር። በአላስካ ብሬቪግ ሚሽን በምትባል መንደር በ1918 በበሽታው የሞቱት ሰዎች የተቀበሩት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚኖር መሬት ውስጥ ነበር። ዮሃን ሁልቲን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 መቃብሩን በመንደሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ ቆፍሮ ቫይረሱን በሕይወት ለማግኘት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከ46 ዓመት በኋላ፥ በ1997፥ በሽምግልናው ተመልሶ እንደገና ቆፈረና ብርዱ ከጠበቃት ከአንዲት ሴት ሬሳ የሳምባ ቁራጭ ወስዶ ለእነ ጄፍሪ ታውበንበርገር ላከላቸው። እነርሱም የቫይረሱን የዘር መልእክት ሙሉ በሙሉ አንብበው በ2005 አወጡት። ገዳዩ ኤች1ኤን1 የተባለው ዓይነት ነበር።

ኢንፍሉዌንዛ ለምን ደጋግሞ ይመጣል? የዘር መልእክቱ በ8 ቁራጭ የተከፈለ ስለ ሆነ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንድ እንስሳ፥ ለምሳሌ በአሳማ ሰውነት ውስጥ ቢገናኙ፥ ቁርጥራጮቻቸው ተደባልቀው ከዚህ በፊት ማንም ሰው ያላየው አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል፤ የዱር ወፎችም ከጥንት ጀምሮ የቫይረሱ ማደሪያዎች ናቸው። ከዚህም በላይ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መልኩን ይለውጣል፤ የዘንድሮ ክትባት ለከርሞ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957፥ በ1968ና በ2009 አዳዲስ ዓይነቶች ተነሥተው ዓለምን ዞረዋል። በመካከሉ ባሉት ተራ ዓመታት እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው በዚሁ ምክንያት በመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታል። ጉንፋን ነው ብለን የምንንቀው ሁሉ ጉንፋን አይደለም ማለት ነው።

የ1911ዱን ከሌሎቹ የሚለየው ጎልማሶችን መምረጡ ነበር። ዘወትር ኢንፍሉዌንዛ የሚገድለው ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉት፥ የሚያርሱትና የሚያጠቡት፥ በብዛት ረገፉ። አልጋ ወራሹ በታመሙበት ጊዜ ዕድሜያቸው 26 ነበር፤ በትክክል በአደጋው መካከል። አብዛኛውን በሽተኛ የጨረሰው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ቫይረሱ በቀደደው በር ተከትለው የገቡት የሳምባ ምች ባክቴሪያዎች ነበሩ። ለእነዚያ ዛሬ መድኃኒት አለ፤ በ1911 ዓ.ም. ግን ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር።

ከባቡር ሐዲድ ርቆ ስላለው ስለ እኛ አገር መንገድም አንድ ነገር እንበል። ከምጽዋ ተነሥቶ በትግራይ አልፎ ወደ ጎንደር የሚወስደው የጥንት የሲራራ መንገድ የሚወጣው በሊማሊሞ ዳገት ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ ዳገት ወጥቶ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ለሌላ ማስተላለፍ የሚጀምረው ግን ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። በቅሎ ነጂ በአንድ ቀን ከአንድ ገበያ ወደ ሚቀጥለው ገበያ ይደርሳልና፥ በሽታው ባቡር ባይኖረውም ከገበያ ገበያ እየተሸጋገረ ሊሄድ ይችላል፤ ዳገቱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሊማሊሞ የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተጠረበ ወዲህ ደግሞ የማዘግየቱም ጥቅም ጠፍቷል። ዛሬ ከጎንደር ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የሚደርስ ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ሲያስነጥስ መስኮት ለመክፈት የሚደፍር አይገኝም፤ ነፋስ ይመታናል ይባላልና። እንደ እኛ አስተያየት በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከነፋሱ ይልቅ መፈራት ያለበት የነፋሱ አለመኖር ነው።

አሁን ወደ ዘገምተኛው እንመለስ። የሳምባ ነቀርሳ ታሪክ ስንፈልግ ከስሜን ሳንወጣ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አገኘን። የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፥ የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ፥ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በግንቦት 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በመንገድ ላይ ሞተች፤ የሳምባ ሕመም እንደ ነበረባት ተጽፏል። ወደ አባቷ አገር ሳትደርስ ቀረች። ልጇ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እዚያው አደገ፤ እርሱም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ አጠገብ በሳምባ ሽፋን ሕመም በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። የእቴጌዪቱ ሕመም ነቀርሳ ነበር ብለን ልንደመድም አንችልም። በዚያን ዘመን የትኛውም የዓለም ሐኪም ነቀርሳን ከሌላ የሳምባ ሕመም በማስረጃ ሊለይ አይችልም ነበር፤ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሐዋሲ እስኪታወቅ ገና 14 ዓመት ይቀር ነበርና።

ያም ቀን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በበርሊን ለተሰበሰቡ ሊቃውንት የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አሳያቸው። እስከዚያ ድረስ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ አባት ሲሞት ልጅ፥ ልጅ ሲሞት የልጅ ልጅ ይከተላልና። ኮኽ ግን የሚወረሰው ደም ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚተነፈሰው አየር መሆኑን የሚያስረዳውን መንገድ ከፈተ። ዓለም መጋቢት 24ን የቲቢ ቀን ብሎ የሚያከብረው ስለዚህ ነው። ይህን ስንጽፍ የታዘብነው ነገር አለ፤ ኮኽ ይህን ከተናገረ ከ140 ዓመት በላይ ቢያልፍም በእኛ መንደሮች የእነ እገሌ ዘር ሳል አለበት እየተባለ ጋብቻ የሚፈርስበት ጊዜ አሁንም አለ።

ይህ ባክቴሪያ ዘንግ የመሰለ፥ ሰም በመሰለ ወፍራም ልብስ የተጠቀለለ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ አንዴ ሲከፈሉ እርሱ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሽታውም ይዘገያል፥ ሕክምናውም ይረዝማል። የታመመ ሰው ሲያስል፥ ሲዘፍን ወይም ጮኾ ሲናገር እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ይወጣሉ፤ ውኃቸው ተንኖ ባክቴሪያውን ብቻ ተሸክመው በተዘጋ ቤት አየር ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። በሜዳ ላይ ነፋስ ይበትናቸዋል፥ የፀሐይ ብርሃንም ይገድላቸዋል። በመጨበጥ፥ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፥ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም የበሽተኛውን ልብስ በመንካት አይተላለፍም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው ባክቴሪያው በሰውነቱ እንዳለ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግን በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። ረኃብ፥ ኤች.አይ.ቪ.፥ የስኳር በሽታ ወይም ሌላ አቅም የሚያሳጣ ነገር ሲመጣ የተኛው ይነሣል።

መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን አውሮፓውያን ሀብታሞች የሳምባ በሽተኞቻቸውን ወደ ተራራ ይልኩ ነበር። በስዊስ አገር ዳቮስ የምትባለው ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ ገነነ፤ በሽተኛው በረንዳ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ንጹሕ አየር እየሳበ ወራት ይተኛ ነበር። ዳቮስ 1,560 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። የተራራ አየር ነቀርሳን የሚፈውስ ቢሆን ኖሮ ከዳቮስ እጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ቡይት ራስ በሽታው የማይታወቅበት ገነት በሆነ ነበር። አየራችንስ ከማንም የሚያንስ አልነበረም፤ ነገር ግን አየሩን በሩ ላይ አስቁመን እንገባለን። በደጋው የጎጆ ቤት መስኮት የለውም ወይም እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ በሌሊት ሰውም ጥጃም በግም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ጢሱ ደግሞ ሳምባውን አስቀድሞ ያደክመዋል። ስለ ከብቱ ካነሣን ዘንድ፥ ከብትም የራሱ ነቀርሳ አለው፤ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ጥሬ ወተት ኃይል ይሰጣል የሚሉ ሽማግሌዎቻችንን አክብረን፥ ወተቱን ግን አፍልተን ብንጠጣ እንመርጣለን።

ከጎጆው ይልቅ እኛን የሚመለከተን የተማሪ ቤት ነው። ከሩቅ ቀበሌ የምንመጣ ተማሪዎች በከተማ አንዲት የጭቃ ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይተን፥ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደን ስንቃችንን በጀርባችን አምጥተን እንማራለን። በክረምት ብርዱ ሲበረታ በግድግዳና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን ክፍተት በማዳበሪያ ጆንያ እንወትፋለን፤ አንዳንዱም ከሰል አስገብቶ ያድራል፥ ይህም በራሱ ገዳይ ነው። ባለፈው ዘመን ከመካከላችን አንዱ ሁለት ወር ያህል ሲያስል ብርድ ነው እያለ ሸሸገው። ሌሊት ያልበው፥ ልብሱም ይሰፋው ጀመር። በመጨረሻ አክታው ተመርምሮ ቲቢ መሆኑ ሲታወቅ፥ ያከራየው ሰው ዕቃውን በር ላይ አውጥቶ አስቀመጠለት። ልጁ የፈራው በሽታውን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲሸሽገው የነበረው ይህን በር ፈርቶ ነበር። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ አብረውት የሚተኙት አራቱም የእርሱን ትንፋሽ ሲተነፍሱ ነበር። እንግዲህ በሽተኛን የሚያባርር ሰው ከበሽታ የሚድን ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን የሚቀጥለው በሽተኛ እንዲደበቅ ማስተማር ነው። አንድ ነገር ብናውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር፤ በትክክል መድኃኒት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ለሌላ አያስተላልፍም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በዋክስማን ቤተ ሙከራ አልበርት ሻትዝ የተባለ ተማሪ ከአፈር ውስጥ ከሚገኝ ተሐዋሲ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት አገኘ። ተማሪ መሆኑን ሆን ብለን ጽፈናል። ትንሽ ጊዜ ቆይቶ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደው፤ ሐኪሞችም ነቀርሳ በአንድ መድኃኒት ብቻ እንደማይሸነፍ ተማሩ። በ1952 አይሶናያዚድ፥ በ1960ዎቹ ሪፋምፒሲን ተጨመሩ። ዛሬ ተራው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 መድኃኒት፥ በቀሩት 4 ወራት 2 መድኃኒት በየቀኑ ይዋጣል። ችግሩ በሽተኛው በሁለተኛው ወር ጤና ስለሚሰማው ነው። ሳሉ ይቆማል፥ ምግብ ይጥመዋል፥ እርሻውም ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ያቋርጣል። የቀሩት ብርቱዎቹ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የለመዱ ሆነው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፥ ለጎረቤት የሚተላለፈውም ያው መድኃኒት የለመደው ይሆናል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ቢሆን ኪኒኑን ይዞ ቢሄድ የሚከለክለው ሃይማኖት እንደሌለ ከቀሳውስቶቻችን ሰምተናል።

በአገራችን ይህን ሥራ ወደ ገጠር ለማድረስ ጎንደር የራሷ ድርሻ አላት። በደምቢያ በ1953 እ.ኤ.አ. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያ የሚሠለጥኑት የጤና መኰንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ በሽተኛ እስኪመጣ ሆስፒታል ተቀምጠው የሚጠብቁ ሳይሆኑ ወደ መንደር ወርደው መጸዳጃ የሚያስቆፍሩና የሚከትቡ። ያ ኮሌጅ አድጎ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በሽተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ወደ ሌላው አገር ተስፋፋ። ከ2003 ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች የሆኑ እኅቶቻችን፥ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስለውን ሰው ይጠይቃሉ። ቢ.ሲ.ጂ. የተባለው ክትባት፥ ካልሜትና ጌሪን የተባሉ ፈረንሳውያን ያዘጋጁትና በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው፥ ዛሬም ሕፃናት እንደ ተወለዱ ይሰጣል፤ ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት ይጠብቃል፥ ጎልማሶችን ግን እምብዛም አይጠብቅም። ይህን የምንጽፈው ክንዴ ላይ ጠባሳ አለ ብሎ የሚዘናጋ ስላለ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። በዓለም በ2023 እ.ኤ.አ. 1.25 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ሞቷል፤ መድኃኒቱ ከተገኘ 80 ዓመት በሆነው በሽታ ማለታችን ነው። መድኃኒቱም በአገራችን ለበሽተኛው የሚሰጠው በነጻ ነው። እንግዲህ የጎደለው መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ፥ ሌሊት የሚያልበው፥ የሚከሳ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ቢያስመረምር፥ የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው።

መቋረጥን ካነሣን፥ ሰው በገዛ ፈቃዱ ብቻ አያቋርጥም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ከቤቱ የተፈናቀለ ሕዝብ በየዘመዱና በየመጠለያው ተጠጋግቶ አደረ። ሌሊት የሚሸሽ ሰው ልጁን ያዝላል፥ ከብቱን ይነዳል፤ የመድኃኒት ካርዱን የሚያስታውስ ስንት ነው? በአንድ ክፍል የሚያድረው ሰው ሲበዛ፥ ምግብ ሲያንስና ሕክምና ሲቋረጥ ነቀርሳ እንደሚበረታ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጀምሮ የታወቀ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ ደግሞ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ፥ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ሰው በጨርቅ አፉን ሸፍኖ፥ በየደጁ ውኃና ሳሙና ቀርቦ ነበር። ያኔ የለመድነው ሁሉ ለኢንፍሉዌንዛም ያገለግላል፤ እጅ መታጠብ፥ በክርን ውስጥ ማሳል፥ የታመመ ለጥቂት ቀን ቤት መዋል። ለነቀርሳ ግን እጅ መታጠብ ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው ምርመራ፥ ብርሃንና የተከፈተ መስኮት ነው። ከደባርቅ የቀን ፀሐይ ጋር መስኮት መክፈት አይከብድም፤ ሌሊቱን ጆንያው ይመለስ፥ ጠዋት ግን ይነሣ።

በ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ከአዲስ አበባ ውጭ በየገጠሩ የሞተውን ሰው የሚቆጥር አልነበረም። በዳባት ግን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የጤና ጥናት ጣቢያ አለ። መዝጋቢዎቹ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፥ የመጣውን፥ የሄደውንና የሞተውን ይመዘግባሉ። ሞት በደረሰበት ቤት ለቅሶው ካለፈ በኋላ ተመልሰው ይገባሉ፤ የቤቱን ሰው አስቀምጠው በዝግታ ይጠይቃሉ፤ ትኩሳት ነበረው ወይ፥ ከስቶ ነበር ወይ፥ ያስል የነበረ እንደ ሆነም ስንት ሳምንት እንዳሳለ።